ካውንት ባግ፦ የቆጠራ ግድፈት

“ካውንት ባግ” የዳታቤዝ ባለሙያዎች ቃል ነው። በአማርኛ “የቆጠራ ግድፈት” ብንለው ያስኬዳል፤ ዜሮ ሆኖ መቆጠር ያለበትን ጨርሶ ይዘለዋልና።

በአሶሳ ዙሪያ ያሉ ጤና ኬላዎችን እንውሰድ። አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ ነው። አንድ የመረጃ ባለሙያ “የወሩ የወባ ሪፖርታቸው ከሕሙማን መዝገቡ ጋር እኩል የሆነ ኬላዎች የትኞቹ ናቸው?” ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል እንበል። በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል ሲጻፍ የመዝገቡ ቆጠራ ንዑስ መጠይቅ ሆኖ በዋናው መጠይቅ ውስጥ ይገባል። እንዳለ ከሄደ ለእያንዳንዱ ኬላ መዝገቡ እንደገና ይታያል፤ መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ይዘገያል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪው ዎን ኪም ንዑስ መጠይቅን ወደ ጆይን፣ ማለትም ሠንጠረዦችን ወደ ማጣመር የሚቀይር ዘዴ አሳተመ። በዚህ ዘዴ ኩዌሪ ፕላነሩ፣ ማለትም የመጠይቅ ዕቅድ አውጪው፣ መዝገቡን አስቀድሞ በየኬላው ይቆጥርና ውጤቱን ከሪፖርቱ ጋር ያጣምራል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በወሩ አንድም ታማሚ ያላገኘ ኬላ በመዝገቡ ላይ ረድፍ የለውም፤ ረድፍ ከሌለው የሚጣመር ቆጠራም የለውም። “0” ብሎ በሐቅ የላከው ኬላ ከዝርዝሩ ይወድቃል! ቨርነር ኪስሊንግ ግድፈቱን አሳየ፤ ጋንስኪና ዎንግ እ.ኤ.አ. በ1987 መፍትሔ አቀረቡ፦ ከቆጠራው በፊት ኬላዎቹን ሁሉ በአውተር ጆይን፣ ማለትም ተጣማሪ ያጣውንም ረድፍ በማይጥል ጆይን፣ ማቆየት። የሚቆጠረውም የመዝገቡ ዓምድ ነው፤ ረድፉን የቆጠረ 0ን 1 ያደርገዋል።

ነገሩ ዛሬም አላረጀም። አገራችን የምትጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው በፖስትግሬስኪውኤል ላይ ነው። ይህ ዳታቤዝ እንዲህ ያለውን ንዑስ መጠይቅ ወደ ጆይን አይለውጥም፤ ዕቅዱን በሚያሳየው “ኤክስፕሌይን” ትእዛዝ ላየው “ሰብፕላን” (ንዑስ ዕቅድ) ብሎ ያሳያል። መልሱ ሲዘገይ ግን ባለሙያው ራሱ በእጁ ወደ ጆይን ይቀይረዋል፤ የ1982ቱም ግድፈት ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። በክልሉ በመተከልና በካማሺ ዞኖች ግጭት ጤና ተቋማትን ሲዘጋ ሪፖርት ያልላከ ኬላ ዝም ብሏል እንጂ ወባ የለበትም ማለት አይደለም። ትክክለኛው መጠይቅ ዝም ያለውን ትቶ 0 የላከውን ያወጣል፤ ግድፈት ያለበት ግን ሁለቱንም ስለሚጥል አንባቢው ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ መጠይቅ በተቀየረ ቁጥር 0 የላከ፣ መዝገቡም ባዶ የሆነ አንድ ኬላ መርጦ በአሮጌውም በአዲሱም መልስ ውስጥ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።