ዜና ምርጫ ዘሜሪላንድ፦ የወይን ነጋዴው ዴቪድ ትሮን ለኮንግረስ ወንበር ተወዳድረው እንደ ተሸነፉ

በ2007 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ የካቲት፣ የሜሪላንዷ ሴናተር ባርባራ ሚኩልስኪ ከእንግዲህ ለምርጫ አልቀርብም ብለው አስታወቁ። ዘመኑን የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው። ይህ በተሰማ በጥቂት ቀን ውስጥ የእርሳቸውን ወንበር ፈልገው ክሪስ ቫን ሆለን ተነሡ። ቫን ሆለንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምረው የሜሪላንድን 8ኛ የምርጫ ወረዳ በተወካዮች ምክር ቤት የወከሉ ሰው ነበሩ። እርሳቸው ወደ ላይ ባሰቡ ጊዜ የታችኛው ወንበር ባለቤት አጣ፤ ፈላጊውም በዛ።

ይህ ወረዳ ከዋሽንግተን ከተማ ወሰን ይነሣና ሞንትጎመሪ ካውንቲን አቋርጦ፣ በዚያ ዘመን እስከ ፔንሲልቬንያ ድንበር ይደርስ ነበር። የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግም የሚገኘው በዚሁ ነው። ዴሞክራቶች እጅግ የሚበዙበት አገር ስለሆነ፣ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ የቀናው ሰው በዋናው ምርጫ ብዙ አይሰጋም። ስለዚህ ጦርነቱ ሁሉ ያለው በቅድመ ምርጫው ላይ ነው።

ለዚህ ውድድር ዘጠኝ ሰዎች ቀረቡ። ከነርሱም ሦስቱ ጎልተው ወጡ። አንደኛው ጄሚ ራስኪን ናቸው። በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕገ መንግሥት መምህር ሲሆኑ፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምረው ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን ወክለው በግዛቲቱ ሴኔት ተቀምጠዋል፤ የሞት ቅጣት ከሜሪላንድ ሕግ እንዲሰረዝም ከተሟገቱት አንዱ ነበሩ። ሁለተኛዋ ካትሊን ማቲውስ ናቸው። በቴሌቪዥን ዜና አንባቢነት አገር ያወቃቸው፣ ኋላም የማሪዮት ሆቴሎች ከፍተኛ ኃላፊ የሆኑ ሴት ነበሩ።

ሦስተኛው ዜናቸውን የምንጽፍላቸው አቶ ዴቪድ ትሮን ናቸው። በ1948 ዓ.ም. በሜሪላንድ ተወልደው ያደጉት በፔንሲልቬንያ እርሻ ላይ ነው፤ የአባታቸው እርሻም ከስሮ ሲፈርስ አይተዋል። በስመ ጥሩው የዋርተን ትምህርት ቤት ንግድ ሲማሩ ሳሉ ቢራ መሸጥ ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከሮበርት ጋር በደላዌር የመጠጥ መደብር ከፈቱ። ያም ንግድ እያደገ ሄዶ ቶታል ዋይን ተባለ፤ በብዙ ግዛቶች ከመቶ በላይ ሱቆች ያሉት ሆነ። እርሳቸውም ባለጸጋ ሆኑ።

አቶ ትሮን ወደ ውድድሩ የገቡት በ2008 ዓ.ም. በጥር፣ ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ሌሎቹ ቀድመው ደጅ ሲያንኳኩና መዋጮ ሲለምኑ ከርመዋል። እርሳቸው ግን ከወትዋቾችና ከጥቅም ቡድኖች ገንዘብ አልቀበልም፣ ወጪዬን ከኪሴ እችላለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያቸው፣ የየቤቱም የፖስታ ሣጥን ባማረ በራሪ ወረቀታቸው ተሞላ። ያወጡት ገንዘብ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ከራሱ ኪስ ይህን ያህል ያወጣ ሰው አልነበረም።

ተቀናቃኞቻቸው ግን የቆየ መዝገብ ገለጡባቸው። በልዩ ልዩ ግዛቶች ለሪፐብሊካን ሹማምንት ገንዘብ ሰጥተው ነበርና። አቶ ትሮንም አልካዱም፤ የሰጠሁት ለንግዴ ስል ነው አሉ። ነገሩ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ለዴሞክራት መራጭ ግን ከበደው። የጥቅም ቡድን ገንዘብ አልነካም የሚሉት ሰው፣ እርሳቸው ራሳቸው የሹማምንትን ደጅ በገንዘብ ሲያስከፍቱ የኖሩ ሆነው ታዩ።

ሚያዝያ 18 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማክሰኞ ዕለት ምርጫው ሆነ። ቀኑ ለኦርቶዶክሳውያን የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር፤ ትንሣኤ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከወገኖቻችን ዜግነት ያላቸው ስግደቱንና ድምፅ መስጠቱን በአንድ ቀን ሊያደርሱ ግድ ሆነባቸው። በመሸ ጊዜ ቆጠራው ታወቀ። ራስኪን ከመቶ 34 ያህል፣ ትሮን 27፣ ማቲውስ 24 ያህል አገኙ። የአቶ ትሮን ወጪ ላገኙት ድምፅ ቢካፈል፣ አንዱ ድምፅ ከ300 ዶላር በላይ ፈጅቷል።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ለአቶ ትሮንም መንገዱ አልጠፋም፤ በሦስት ወር ውስጥ አገር ሁሉ ስማቸውን አወቀ፣ ዝነኛይቱንም የዜና አንባቢ ቀደሙ። ነገር ግን ራስኪን በዓመታት ሥራ ያፈሩት ወዳጅ በሦስት ወር ማስታወቂያ አልተናወጠም። ድምፅ ለዘጠኝ በሚከፈልበት ምርጫ ደግሞ፣ አንድ ሦስተኛ የማይናወጥ ወዳጅ ያለው ሰው ያሸንፋል።

ራስኪን በ2009 ዓ.ም. መኸር በዋናው ምርጫ አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ፤ በ2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ በተከሰሱበት የሴኔት ችሎትም የከሳሾቹ መሪ ሆኑ። አቶ ትሮን በሽንፈቱ አልተቀመጡም። በ2010 ዓ.ም. በጎረቤቱ በ6ኛው ወረዳ ዳግመኛ ከኪሳቸው ሚሊዮኖች አውጥተው ቅድመ ምርጫውን አሸነፉ፤ በተከታዩ ጥቅምትም ዋናውን ምርጫ ረቱ፤ ስድስት ዓመትም በምክር ቤት ተቀመጡ። ገና በምክር ቤቱ ሳሉም ሴኔትን ተመኙ። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ፤ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን በቅድመ ምርጫው በአንጄላ አልሶብሩክስ ተሸነፉ። እንግዲህ ገንዘብ አንድ ጊዜ አገባቸው፣ ሁለት ጊዜ ከደጅ መለሳቸው። ሸንጎ ፊት ያቀርባል እንጂ ፍርዱን አይሰጥም።

በዚያ አገር የምትኖር፣ ዜግነትም ያገኘህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። በ2008ቱ ምርጫ አንደኛውንና ሁለተኛውን የለየው 8 ሺህ ያህል ድምፅ ነው። በሜሪላንድም በፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ስምህን አስመዝግብ፤ እስከ ዋናው ምርጫ ብትቆይ ነገሩ ካለቀ በኋላ ትደርሳለህ።