የተራበችው ጥንቸል

አንድ ቀን ጅግጅጋ ውስጥ ምሳ ተጋብዘን ተቀምጠናል። ከደምበል የመጡ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌ አብረውን አሉ፤ አዴር እንላቸዋለን። «ሩዙ ደርሷል» ሲባሉ ወደ ጓዳ ገብተው ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ተመለሱ። ይሁንና ሌሎች እንግዶች መጡና ምሳው ዘገየ፤ ጨዋታውም ደራ። አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ አዴር በላብ ተጠመቁ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተምታታ። ስኳር ይምጣ ሲባል አጠገቤ የነበረው ሰው «ስኳር ያለባቸውን ሰው በስኳር ልትገድሏቸው ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። የቤቱ እመቤት ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ስኳር የበዛበት ሻሂ አጠጣቻቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው አዴር ቀና አሉና «ሩዙስ?» ሲሉ ጠየቁ።

ያን ዕለት የተሰማኝ እፍረት መጻሕፍት እንዳገላብጥ አደረገኝ።

ከኢንሱሊን በፊት ለዚህ ሕመም ሐኪም የሚያዘው ረሃብ ነበር። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን በሽተኞቹን ምግብ እየነፈገ ዕድሜያቸውን በጥቂቱ ያራዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳዋ ቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ከከብት ቆሽት የወጣውን ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕመምተኛ መብላት ተፈቀደለት። ከተወጋ በኋላ ደግሞ መብላት ግዴታው ሆነ።

ይህን ግዴታ አስቀድመው ያሳዩት ጥንቸሎች ናቸው። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ሲሞክሩባቸው ተንዘፈዘፉ፤ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ግን ተነሡ። የኢንሱሊን መስፈሪያም ከዚሁ ተወለደ፦ ለ24 ሰዓት ያልበላችን፣ 2 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ጥንቸል የደም ስኳር እስከ መንዘፍዘፍ ደረጃ የሚያወርደው መጠን «አንድ ዩኒት» ተባለ። ልኩ ኋላ ተሻሻለ፤ ስሙ ግን ዛሬም በሲሪንጁ ላይ አለ። በዚያው ዓመት ፍሌቸርና ካምቤል የተባሉ የቶሮንቶ ሐኪሞች በሰው ላይ ያዩትን ረሃብ፣ ላብና መንቀጥቀጥ መዝግበው አሳተሙ። አዴር ላይ ያየነው ያንኑ ነው።

እንግዲህ ምሥጢሩ ይህ ነው። ጤነኛ ቆሽት ምግብ ሲቀር ሥራውን ይቀንሳል፤ በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን አይመለስም፣ ምግቡ መድረሱንም አይጠይቅም። መደበኛው ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ስለሚወጋ፣ ሩዙ ሲዘገይ አደጋው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ የዋለው ፈጣኑ ሊስፕሮ ገበታ ሲቀርብ የሚወሰድ በመሆኑ ክፍተቱን አጥብቦታል፤ አልዘጋውም።

ጅግጅጋንና ደምበልን በመሰለ አገር ጉዳዩ በረመዳን ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ኢንሱሊን ግድ በሆነባቸው የመጀመሪያው ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ከባድ የስኳር ማነስ በጾሙ ወር ወደ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እስልምና ለሕመምተኛ ጾሙን ያቀልለታል፤ ሐኪሞችም የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች የወረደ ጿሚ ወዲያው እንዲያፈጥር ይመክራሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያም መብላት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አዴር ሲመጡ፣ ሰላምታው እንዳበቃ «ተወግተዋል?» ተብለው ይጠየቃሉ። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ሌላው እንግዳ ይጠብቃል።