ከእንጨት መሰንጠቂያ ወደ አውቶሞቢል፤ የፓናርና ሌቫሶር ፋብሪካ ታሪክ

ስለ አውቶሞቢል አጀማመር በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠራው የዳይምለርና የቤንዝ ስም ነው። ክብሩም ይገባቸዋል። ዳሩ ግን አንድ መካኒክ የጭነት መኪና ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ከፊት፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ከሞተሩ ቀጥሎ፣ ኃይሉን የሚቀበሉትን ጎማዎች ከኋላ ሲያገኝ፣ የሚመለከተው አቀማመጥ ከጀርመኖቹ ሳይሆን ከፓሪሱ የፓናርና ሌቫሶር ፋብሪካ የመጣ ነው። ይህ ፋብሪካ ሲቋቋም ከሞተርም ሆነ ከሠረገላ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ሥራው የእንጨት መሰንጠቂያ መኪናዎችን መሥራት ነበር።

ሬኔ ፓናር ከፋብሪካው ባለቤት ከዡል ፔሬን ጋር የተሻረከው እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሆን፣ ኤሚል ሌቫሶር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጨመረ። ሁለቱም በፓሪስ ኤኮል ሳንትራል የተማሩ መሐንዲሶች ነበሩ። በ1886 ፔሬን ሲሞት ድርጅቱ በሁለቱ ስም ተጠራ።

ወደ ቤንዚን ሞተር የመራቸው ግን መሐንዲስ ሳይሆን ኤድዋር ሳራዛን የተባለ ቤልጂጋዊ የሕግ ባለሙያ ነው። ሳራዛን በፈረንሣይ የዳይምለር ወኪል ነበር። የጊዜው የፈረንሣይ ሕግ በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ላልዋለ ፈጠራ የባለቤትነት መብት ስለማያጸና፣ ሞተሩን በፓሪስ እንዲሠራለት ወዳጁን ሌቫሶርን ጠየቀ። በታኅሣሥ 1887 ሳራዛን በድንገት ሲሞት ውሉ ሊፈርስ ተቃረበ። ባለቤቱ ሉዊዝ ግን ነገሩን አልተወችውም፤ ከዳይምለር ጋር ራሷ ተነጋግራ መብቱን በእጇ አስገባች። በ1890 ሌቫሶርን ስታገባ የሞተሩ መብት ወደ ፋብሪካው ገባ። ይህን እንደ ፍቅር ወሬ ብቻ የሚያወሩት አሉ። ያለ እርሷ ጽናት ግን ሁለቱ መሐንዲሶች መጋዝ ሲሠሩ በኖሩ ነበር።

ሌቫሶር በመጀመሪያ ሙከራው ሞተሩን ያስቀመጠው ከመቀመጫው ሥር፣ ከመኪናው መካከል ነበር። አልተስማማውም። በ1891 ሞተሩን ወደ ፊት አመጣው። በዚህም የፊት ጎማዎቹ ክብደት አግኝተው መንገድ ያዙ፤ ተሳፋሪውም ከሞተሩ ሙቀትና ሽታ ራቀ። ሻንሲው በብረት የተጠናከረ እንጨት ነበር፤ በዚህ በኩል ፋብሪካው የድሮ ሙያውን አልረሳም። ኃይሉ ከሞተሩ በፍሪሲዮን ወደ ማርሾቹ፣ ከማርሾቹ ወደ አግድም ዘንግ፣ ከዚያም በካቴና ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል።

ከሁሉ ያከራከረው የማርሾቹ ጉዳይ ነው። ቤንዝ ኃይል የሚያስተላልፍበት ቀበቶ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ሲረጥብ ይንሸራተታል። ሌቫሶር የሚሽከረከሩትን ማርሾች ወደ ጎን እየገፋ ጥርስ ከጥርስ ማገናኘትን መረጠ። ሲገቡ ይጮኻሉ፣ ጥርሳቸውም ይበላል። አሠራሩ ጭካኔ ያለበት ቢሆንም ይሠራል ብሎ ራሱ እንደ ተናገረ ይወራል። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ጩኸቱን የሚያስወግደው ሲንክሮናይዘር እስኪመጣ ከ35 ዓመት በላይ የዓለም ነጂ ሁሉ በዚሁ ዘዴ ነድቷል።

በሰኔ 1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ውድድር ተደረገ፤ ርቀቱ 1,178 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የ52 ዓመቱ ሌቫሶር መኪናውን ራሱ ነዳ። ተተኪ ነጂ በሩፌክ ከተማ ይጠብቀው ነበር፤ ሌቫሶር ግን ከታሰበው ሰዓት እጅግ ቀድሞ በሌሊት ስለ ደረሰ ሰውየው ተኝቶ አገኘው። ሳይቀሰቅሰው መንገዱን ቀጠለ። በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፓሪስ ሲመለስ ሁለተኛው መኪና ገና ስድስት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው ሽልማት ከሁለት ሰው በላይ ለሚጭን መኪና ብቻ የተመደበ ስለ ነበር፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ለገባ አንድ ፔዦ ተሰጠ። የዚያም ፔዦ ሞተር የተሠራው በፓናርና ሌቫሶር ፋብሪካ ነው።

ሌቫሶር ያልለወጠው አንድ ነገር ነበር፤ መኪናውን የሚመራው በዘንግ እንጂ በክብ መሪ አልነበረም። በ1896 ከፓሪስ ማርሴይ በተደረገው ውድድር ከመኪናው ተወርውሮ ክፉኛ ተጎዳ። ውድድሩን ያሸነፈው የራሱ ፋብሪካ መኪና ቢሆንም እርሱ ከጉዳቱ ሳያገግም በሚያዝያ 1897 ሞተ። በቦታው የተተካው አርቱር ክሬብስ በ1884 ከሬናር ጋር ላ ፍራንስ የተባለውን አየር መርከብ የሠራ መኰንን ነበር። በ1898 ክብ መሪን በፋብሪካው መኪናዎች ላይ አስገባ፤ በ1902ም አየሩን በራሱ የሚመጥን ካርቡሬተር አወጣ።

ፓናር በ1908 ዐረፈ። ፋብሪካው በ1965 ሙሉ በሙሉ በሲትሮኤን እጅ ገባ፤ የመጨረሻው የቤት መኪናም በ1967 ተሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይሠራቸው የነበሩት ትናንሽ መኪናዎች ሞተራቸው እንደ ድሮው ከፊት ነበር። ይሁንና ኃይሉ ወደ ኋላ አይሄድም፤ የሚስባቸው የፊት ጎማ ነበር።