ቆቅና ርስት

በሰሜን አሜሪካ መጋቢትና ሚያዝያ ሲገቡ፣ ቱርክ የሚባለውን ትልቅ የዱር ዶሮ የሚያድን ሰው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ጀርባውን ለአንድ ግንድ ሰጥቶ ይቀመጥና የሴቲቱን ድምፅ አስመስሎ ይጣራል። አውራው ክንፉን እየጎተተ፣ ጭራውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲመጣ ይተኩሳል። በአብዛኛው የሚፈቀደው ወንዱን መግደል ነው፤ ሴቲቱ እንቁላል ላይ ናትና። ይህ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ወግ ነው። እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ቁጥር በሐሳቤ የሚመጣብኝ የወሎ ምዕራቡ ደጋ ነው፤ ቦረና፣ አማራ ሳይንት፣ ወግዲ። እኛም የአባት መሬት ነበረን፤ እኛም ከገደል አፋፍ ማልዶ የሚጮኽ ወፍ አለን። ታዲያ ሁለቱን አገናኝተን ለምን ወግ አላደረግናቸውም?

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ቱርክ የቱርክ ወፍ አይደለም፤ አገሩ ሜክሲኮና ሰሜን አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራቸው ሲያመጡት፣ በቱርኮች ግዛት በኩል ከሚያውቁት ከአፍሪካ ጅግራ ጋር አምታቱት። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1758 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ሜሌያግሪስ ብሎታል፤ ግሪኮች ጅግራን የሚጠሩበት ቃል ነው። ቱርኮች ደግሞ በበኩላቸው ሂንዲ፣ ማለት የሕንድ፣ ይሉታል። እንግዲህ በፈረንጅ ገና ገበታ ላይ የሚቀርበው ወፍ ስሙን የተዋሰው ከእኛው ጅግራ ነው።

የደጋው ቆቅ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ግንባር፣ ቀላ ያለ ቡናማ አናት ያለው፣ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ወፍራም ወፍ ነው። ቁጥቋጦ የሸፈነውን ገደል ይወዳል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ከ1831 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. አገራችንን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ፣ በ1835 ለሊቃውንት ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ስሙንም በረዳቱ በኤርክል ሰየመው። ወፉ ለዘመናት ሲጮኽ የሰሙት እረኞች ስም በዚህ መዝገብ አልገባም፤ የዚያ ዘመን ሥራ እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለአማራው አደን የክብር መንገድ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጣለ ይባላል፤ ይፎክራል፤ ጎፈርና ሎቲ ይገባዋል። ቆቅ የገደለ ምን ብሎ ይፎክር? የሚሣቁበት ይበዛሉ። ጠመንጃውም ቢሆን ለዚህ አልተሠራም። ፊዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይ ስም የወጣው ውጅግራ፣ ምንም እንኳ ስሙ ጅግራን ቢያስታውስ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተፋ መሣሪያ ነው፤ ቆቅ ቢመቱበት ከላባ በቀር የሚቀር ነገር የለም። ጥይትም ውድ ነበርና ለጠላትና ለክብር ይቀመጥ ነበር እንጂ ለወጥ አይባክንም።

ስለዚህ ቆቅ የልጆችና የእረኞች ድርሻ ሆነ። ወንጭፍ፣ ወጥመድ፣ ከፈረስ ጭራ የተፈተለ አሽክላ። የተያዘውም በሕይወት እያለ መታረድ አለበት፤ ሞቶ የተገኘ ጥንብ ነው። ቦረና ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር ስለሆነ፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያረደውን እስላሙ አይቀምስም፤ በቢስሚላ የታረደውንም ክርስቲያኑ አይነካም። አዳኝ ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈለው ሥጋ አልነበረም ማለት ነው። ደግሞም የአሜሪካው ቱርክ የሚታደንበት ወቅት ለክርስቲያኑ በአብዛኛው ሁዳዴ ነው፤ 55 ቀን ሥጋ የለም። አውራው ቆቅ በገደሉ ላይ እንዳሻው ይጮኻል፤ ሰሚው ሹሮውን ይበላል። (ንቁ የሆነን ሰው ቆቅ ነው የምንለውም ከዚያው ከገደሉ ጎን በመኖራችን ሳይሆን አይቀርም።)

ርስቱስ? ርስት በአባትም በእናትም የሚቆጠር፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሟገትበት ነገር ነበር። ሙግቱ ግን ስለሚታረሰው አፈርና ስለ ድንበሩ ነው። በላዩ ስለሚበር ወፍ አይደለም። እንግሊዞች በ1671 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገኝ መሬት የሌለው ሰው ቆቅ እንዳያድን ከልክለው ነበር፤ የሰረቀ ድኻም ብዙ መከራ አይቷል። እኛ ዘንድ ቆቅ እህል የሚጭር ጠላት ነበር እንጂ የጌታ ንብረት አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የያዘው የራሱ እንደሚያደርገው ይደነግጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲባል ርስት ራሱ ቀረ። የዱር አራዊቱ ደግሞ በየጊዜው በወጡ ሕጎች ከመንግሥት እጅ ገባ፤ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ማደን ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉን አልነቅፍም። ዳሩ ግን የቦረና ገበሬ ዘሩን የሚጭርበት ወፍ እንዲኖር የሚፈልግበት አንድም የራሱ ምክንያት አልተተወለትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ይኸው የእኛ ቆቅ ሆን ተብሎ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወሰደና ለአደን ተለቀቀ። ተራራው ተመቸው፤ ተራባ። እዚያው ደሴት ላይ ከአሜሪካ የተወሰደ ቱርክም ይኖራል። በኅዳር ወር ፈቃድ የያዘ አዳኝ ከውሻው ጋር ወጥቶ ሁለቱን በአንድ ገደል ያድናል፤ ስንት መግደል እንደሚችል ይቆጠርለታል። ለጠመንጃና ለጥይት ከሚከፈለው ቀረጥ ላይ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይመለሳል። ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ የነበረው ቱርክ ዳግመኛ በሚሊዮን እስከ መቆጠር የደረሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እርግጥ መጤ ወፍ በደሴት ላይ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳስባቸውም አሉ፤ ያም ትክክለኛ ሥጋት ነው።

በእኛ በኩል ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ። ስሙ አያስቃችሁ፤ አስታ፣ ኮሶና ጅብራ የቀሩበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ የምኒልክ ድኩላም የሚኖሩበት ነው። ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ዙሪያውን እስከ ጫፉ ድረስ ታርሷል። ገብሱ በሚደርስበት ወራት ጠዋት ጠዋት ቆቆቹ ከአስታው ውስጥ እየወጡ ማሳው ውስጥ ይገባሉ፤ ጭላዳውም ከገደሉ እየወጣ ይከተላቸዋል፤ ወንጭፍ የያዘ ልጅም ማማው ላይ ቆሞ እየጮኸ ያባርራቸዋል።