በመንግሥት ካሜራ የተሠራ ነጻ ፊልም

ስለ ቬትናም ነጻ ሲኒማ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2000ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የግል ስቱዲዮ ተፈቀደ፣ የዲጂታል ካሜራ ዋጋ ቀነሰ፣ ወጣቶች ከውጭ አገር የፊልም ፌስቲቫሎች ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ፤ ነጻ ፊልም ሠሪ የተወለደው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ይህ አተራረክ ነጻነትን የሚለካው ገንዘቡን ማን ከፈለ በሚለው ብቻ ነው። ዋናው መለኪያ ግን ፊልሙ የማንን ጥያቄ ይጠይቃል፣ የሚጠይቀውስ ማንን ነው የሚለው መሆን አለበት ባይ ነኝ። በዚህ መለኪያ ከሄድን ታሪኩ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚያገኘውም የመንግሥት ደመወዝ እየተከፈለው በመንግሥት ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራ የነበረውን የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ትራን ቫን ትዊን ነው።

የቬትናም ሲኒማ የተቋቋመው በመንግሥት እጅ ነው። ሆ ቺ ሚን ለዚህ ሥራ መሠረት የጣለውን አዋጅ የፈረሙት ማርች 15 ቀን 1953 ሲሆን፣ ያኔ ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ካሜራ ከጠመንጃ ጎን እንዲሰለፍ የተፈለገ መሣሪያ ነበር። በ1940 የተወለደው ትዊም የሠለጠነው በዚሁ መንፈስ ነው፤ በ1960ዎቹ ወደ ደቡብ ወርዶ በቦምብ ድብደባ ውስጥ ቀርጿል፤ ከዚያ ያመጣው ፊልም በ1970 በላይፕዚግ ፌስቲቫል የብር ርግብ ሽልማት አግኝቷል። ከዚያም ሞስኮ ሄዶ በስመ ጥሩው የሶቪየት ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ሮማን ካርሜን ሥር ተማረ። ካርሜን በ1954 ቬትናም ደርሶ የዲየን ቢየን ፉን ድል ሲቀርጽ፣ ውጊያው አስቀድሞ ስላለቀ፣ የፈረንሳይ ምርኮኞችን ሰልፍ ለካሜራው ሲል ዳግመኛ ያስኬደ ሰው ነው። ተማሪው የወረሰው ሙያ እንግዲህ መንግሥት ሊያሳይ የሚፈልገውን አሳምሮ ማሳየትን የሚጨምር ነበር። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው ሌላ መንገድ መምረጡ ነው ሥራውን ክብደት የሚሰጠው።

በ1982 የሠራው «ሐኖይ በማን ዓይን» የከተማይቱን ውበት እንዲያሳይ ከተሰጠው ሥራ የወጣ ነው። ፊልሙ ውስጥ ቫን ቩኦንግ የሚባል ዓይነ ስውር ጊታር ተጫዋች አለ፤ ከተማውን አይቶት አያውቅም፣ ግን በጣቶቹ ያውቀዋል። የድሮዎቹን የሐኖይ ጎዳናዎች ሲሥል የኖረው ቡይ ሱዋን ፋይም በድህነቱ እንዳለ ይታያል። በመካከል ተራኪው ስለ ጥንት ነገሥታትና ሊቃውንት ያወራል፤ ፍትሕን ስለወደዱት፣ የሕዝብን ሮሮ ስለሰሙት። ስለ ዘመኑ ባለሥልጣናት አንድም ቃል አይናገርም። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የሳንሱር ሹማምንቱም ወርቁን አላጡትም። የጥንቱ መሪ ሲመሰገን የዛሬው መወቀሱ እንደሆነ ገብቷቸው ፊልሙን አገዱት።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ደመወዙ፣ ጥሬ ፊልሙ፣ ካሜራው፣ ማጠቢያ ቤቱ ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ሰውየውን ነጻ ማለት ቃሉን ማርከስ አይሆንም ወይ? ቃሉ ለገንዘብ ምንጭ ብቻ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ አዎ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሐኖይ ውስጥ ሌላ ካሜራ አልነበረም፤ የፊልም ጥቅል በግል ገዝቶ፣ አጥቦ፣ አሳይቶ መኖር የሚችል ሰው አልነበረም። ምርጫው በመንግሥት ፊልምና በግል ፊልም መካከል ሳይሆን፣ በተሰጠህ ጥቅል የታዘዝከውን በመቅረጽና ያየኸውን በመቅረጽ መካከል ነበር። ለዚያ ምርጫ የተከፈለው ዋጋ ደግሞ ተጨባጭ ነው፤ ለዓመታት መታገድና በክፉ ዓይን መታየት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፊልሞቹ የታዩት ከላይ በመጣ ቸርነት ነው ይላል። እውነት አለው። ንጉየን ቫን ሊን በ1986 ማብቂያ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆነው «ዶይ ሞይ» የተባለው ተሐድሶ ሲታወጅ፣ በ1987 እገዳው ተነሣ። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋም ቫን ዶንግ «ሐኖይ በማን ዓይን»ን አይተው እንዲታይ ደግፈው ሳለ እገዳው ጸንቶ ቆይቷል፤ ቸርነት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ሁለተኛው ፊልም «የደግነት ወግ» ደግሞ የተሠራው በ1985 ነው፤ ተሐድሶው ሳይታወጅ፣ የመጀመሪያው ፊልም እንደታገደ። በካንሰር ሊሞት ከተቃረበ የሥራ ባልደረባ ይነሣና ሰው ለሰው ደግ መሆን የት እንደሚገኝ ይፈልጋል፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ካቶሊካውያን መነኮሳይያት ዘንድ ይደርሳል። ደግነትን የፓርቲ ሥራ ውጤት አድርጎ ማቅረብ በሚጠበቅበት አገር፣ ካሜራውን ወደ ገዳም ሴቶች ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ተመልካቹ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ሲፈቀድ ሕዝቡ ለዘጋቢ ፊልም ትኬት ተሰለፈ፤ በ1988 ላይፕዚግ ላይም የብር ርግቡን ወሰደ። የተፈቀደው ከላይ ነው፤ የተጠየቀው ግን ከታች ነው።

ትዊ ከዚያ በኋላም አልቆመም። በ1998 «የቫዮሊን ድምፅ በሚ ላይ» በተሰኘው ፊልሙ፣ ማርች 16 ቀን 1968 በሚ ላይ መንደር የተፈጸመውን እልቂት ለመግታት ሄሊኮፕተራቸውን በመንደርተኞቹና በራሳቸው ወገን ወታደሮች መካከል ያሳረፉትን አሜሪካውያን ሂዩ ቶምፕሰንንና ላውረንስ ኮልበርንን ከሠላሳ ዓመት በኋላ አሳይቷል። ጠላት ከነበረው ወገን ደግ ሰው መፈለግም የራሱ ጥያቄ ነበር።

የዛሬዎቹ ፊልም ሠሪዎች ከእርሱ የበለጠ ነጻ ናቸው የሚል ሦስተኛ ተቃውሞ ይቀራል። ሲሠሩ፣ አዎ። የሌ ባኦ «ጣዕም» በ2021 በርሊን ላይ ተሸልሞ አገሩ ውስጥ ታገደ። የትሩኦንግ ሚን ኩዪ «ቪየት እና ናም» በ2024 ካን ላይ ታይቶ፣ አገሪቱን ጨለማ አድርጎ ያሳያል ተብሎ ፈቃድ ተነፈገ። የትራን ታን ሁዪ «ሮም» ያለ ፈቃድ ወደ ቡሳን ተልኮ በ2019 ትልቁን ሽልማት ቢያገኝም፣ አዘጋጆቹ 40 ሚሊዮን ዶንግ ተቀጡ፤ ተስተካክሎ በ2020 ሲወጣ ግን አዳራሾቹን ሞላ። ለዚህ ፊልም ሠሪዎቹን መውቀስ ግፍ ነው፤ በሩን የዘጋው ሌላ ነው። እኔ የምለው፣ የውጭ ገንዘብ የሰጣቸው የመሥራት ነጻነት የአገራቸውን ተመልካች ጨምሮ አልሰጣቸውም። ትዊ አምስት ዓመት ታግዶ በመጨረሻ ጥያቄውን ለሐኖይ ሰው በሐኖይ አዳራሽ አቅርቧል። የነጻ ሲኒማን ታሪክ ከዲጂታል ካሜራ የሚጀምር ጸሐፊ የማይመለከተው ይህንን ነው፤ «ሮም» እንዳሳየው ያ ተመልካች ዛሬም አለ።