ጥርስና የእሑድ ገበያ፦ የሰንበቴ አካባቢ ሕዝብ ወደ ጥርስ ሕክምና የሚሄድበትና የማይሄድበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ የምትገኘው ሰንበቴ የምትታወቀው በእሑድ ገበያዋ ነው። የአማራና የኦሮሞ አርሶ አደር፣ የአርጎባ ነጋዴና ከቆላ የሚወጣው የአፋር አርብቶ አደር በአንድ ቀን ይገናኙባታል። ሕዝቡ ስለ ጥርሱ የሚያስበውንና ለጥርሱ የሚከፍለውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ዘመናዊ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ለጥርስ ደንታ የሚሰጠው አልነበረም የሚሉ ተሳስተዋል። የወይራ መፋቂያ፣ የሴቶች የድድ ንቅሳት፣ በአፋሮች ዘንድ ጥርስን ሞርዶ ማሾል አፍን ያከበረ ባህል ምስክሮች ናቸው። ጥርስ ሲያም ደግሞ ቅርንፉድ ይነከሳል፤ «ትሉ እንዲወጣ» በሚል የአስተናግር ፍሬ ጭስ ይታጠናል። አስተናግር መርዛማ ነው። ቅርንፉድ ግን ዩጂኖል የተባለ ማደንዘዣ ዘይት ያለው በመሆኑ፣ የጥርስ ሐኪሙም ይህንኑ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሶ ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀምበታል።

እጅግ የሚያሳዝነው የሕፃናት የወተት ጥርስ ማውጣት ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ድዱን ገና ያልበሳው ክራንቻ የበሽታው መንሥኤ ተደርጎ ይቆጠርና በስለት ይወጣል። መድማት፣ መንጋጋ ቆልፍና የደም መመረዝ ሊከተሉ ይችላሉ፤ ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ይህን ድርጊት ከታገላቸው አንዱ አድርጎት ነበር። ይሁንና እናትየዋ ያለ ምክንያት አላመነችም። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመርበት ዕድሜ ነው፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ስኳር ከጥርስ ሐኪም ቀድሞ ገጠር ገባ። የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ሲጀምር የሕክምና ፋኩልቲ እንኳ በአገሪቱ አልነበረም። ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቢከፈትም፣ የጥርስ ሐኪሞችን በዲግሪ ደረጃ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በጫት ላይ የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ (በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው) የስኳሩን ጉዳት ያብሰዋል።

የገንዘቡ ጉዳይ ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ነው። የተቦረቦረን ጥርስ መሙላት አንዳንዴ መመላለስን ይጠይቃል፤ መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል። የመኪና ኪራይ፣ የአስታማሚ ስንቅና ሥራ የተፈታበት ቀን ሲደመሩ አርሶ አደሩ መንቀልን የሚመርጠው ባለማወቅ ሳይሆን አስልቶ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት መደበኛ የተመላላሽ ሕክምና የሚሰጡት በሥራ ቀናት ነው፤ ሰንበቴ የሚገበየው በእሑድ። ስለዚህ ሕመምተኛው ገበያ ወጥቶ ቅርንፉዱን ገዝቶ ይመለሳል፤ ሐኪም ቤት የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ ፊቱ ካበጠ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ወሎ ያለውን ተሁለደሬን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምና ወጪን ቢያቃልልም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ለውበት ከሚደረጉ ሕክምናዎች ጋር መድቦ ከሽፋኑ አስቀርቶታል። ቆሎና ጥሬ ማኘክ ለተሳነው ሽማግሌ ግን ጥርስ የውበት ጉዳይ አይደለም።