ታይዋን የተባለችው ገበያ

በኅዳር 1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ለቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዕውቅና ሰጠ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1964 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የቻይናን መቀመጫ ከታይፔ ወስዶ ለቤጂንግ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ መዝገብ ታይዋን የሚባል መንግሥት አይታወቅም። በድሬዳዋ ግን ታይዋን አለች። ኤምባሲ የላትም፤ ሰንደቅ ዓላማም አይውለበለብባትም። ራዲዮና የእጅ ሰዓት፣ ጫማና ሽቶ፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚሸጥባት ገበያ ናት።

ስሙ የተወሰደው ከዕቃው ላይ እንደ ሆነ የከተማው ሰው ይናገራል። ታይዋን እርካሽ ራዲዮና ልብስ ለዓለም ገበያ በምታጎርፍበት ዘመን፣ የተሠራበት አገር ስም ከዕቃው ጀርባ ተጽፎ ይመጣ ነበር። ሌላው ከተማ ሠፈሩን በመኳንንት፣ በጻድቃንና በአርበኞች ስም ሲሰይም፣ የድሬዳዋ ሰው ገበያውን በዕቃ ጽሑፍ ሰየመ። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድም ነው። ነገር ግን ሕዝብ ስም ሲያወጣ አስተያየቱን መስጠቱ ነውና፣ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አገር ውስጥ ስለሚመረተውና ስለማይመረተው፣ ስለሚፈቀደውና ስለሚከለከለው ነገር የተሰጠ ፍርድ አለ።

ፍርዱ ከየት እንደ መነጨ ለማወቅ ወደ ባቡሩ መመለስ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ቆመ። ባቡሩ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ እስኪገባ፣ ማለትም እስከ 1909 ዓ.ም.፣ ከጂቡቲ የመጣ ሸቀጥ ሁሉ በድሬዳዋ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። በደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ የተመሠረቱት ከዚራና መጋላ በመልካቸው ቢለያዩም፣ ሁለቱም ከባሕር የሚመጣውን የሚጠብቁ ነበሩ። ድሬዳዋ እንደ ሌሎቹ ከተሞች በቤተ መንግሥት ወይም በደብር ዙሪያ አልተሠራችም። የተሠራችው በዕቃ ማራገፊያ ዙሪያ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ሰው የመንግሥትን ፖሊሲ ከአዋጁ አስቀድሞ በዋጋው ያውቀዋል።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎችና ባንኮች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በተከታዩ ዓመት የግል ንግድ በካፒታል መጠን ተወሰነ፤ ለቸርቻሪ 200,000፣ ለጅምላ ነጋዴ 300,000 ብር ጣሪያ ተበጀለት። አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም መሆኑም እስከ 1985 ዓ.ም. አልተነካም። በወረቀት ላይ ብር ጠንካራ ነበር፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን በዚያ ብር የሚገዛው ዕቃ እየሳሳ ሄደ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ያገኘችው ጂቡቲ ከዶላር ጋር የታሰረና ያለ ችግር የሚመነዘር ፍራንክ ነበራት። በሁለቱ ገንዘቦች መካከል የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው ባቡሩ ነበር። ከደወሌ ወዲህ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ተሳፍረው፣ ጨርቁን በወገባቸው ጠምጥመው፣ ራዲዮኑን ከእህል ሥር ቀብረው፣ ፍተሻ በመጣ ቁጥር ልባቸው እየተመታ የሚጓዙት አነስተኛ ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፣ ስለ ምንዛሪ ፖሊሲ አንድም ጽሑፍ አላነበቡም። ይሁን እንጂ የፖሊሲውን ስንጥቅ በየጣቢያው በእግራቸው ለክተውታል።

የመገናኛ ብዙኃንና የገበያው ቋንቋ የተለያየው በዚህ ጊዜ ነው። ጋዜጣውና ራዲዮው የዕቅድ መሳካትን ሲያበሥሩ፣ በከሰዓቱ ሐሩር ሱቅ ተዘግቶ በርጫ ላይ የተቀመጠው የድሬዳዋ ሰው የሳሙናን ዋጋ ይነጋገር ነበር። የመንግሥቱ «ዜና»፣ የገበያው «ወሬ» ተባለ። ወሬው በኦሮምኛ ተጀምሮ በሶማልኛ ይቀጥልና በአማርኛ ይቋጫል፤ አዳማቂዋ «አቦ» የምትለው ቃል ለሁሉም የጋራ ናት። ዜናው ስለ ተያዘ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲናገር ግምቱን በብር ይገልጻል። ወሬው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የተያዘበት ሰው ማን ነው? ስንት ልጅ አለው? ለምንስ ትልቁ ሲያልፍ ትንሹ ተያዘ? ዜናው ለዚህ መልስ ሳያበጅ በቀረ ቁጥር የወሬው ሥልጣን እየጨመረ ሄደ።

ሆኖም ገበያው ሁልጊዜ ትክክል ፈረደ ማለት አይደለም። የታይዋን ሸንጎ በደንብ የሚያየው ገዢውንና ሻጩን ነው፤ ሠሪው ከዓይኑ ይሰወራል። በዚያችው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ በዚያ በፈረቃ የሚሠራው ላብ አደር ያመረተው አቡጀዲ፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት በቦንዳ ከገባ ልባሽ ጨርቅ ጋር ዋጋ መወዳደር ነበረበት። ያ ሠራተኛ ደሞዙን ሲቀበል ለልጁ ልብስ የሚገዛው ከታይዋን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም። የጉምሩክ ሹም ይህን ጥያቄ ሲያነሳ የገበያው ሰው ነገሩን በሣቅ ያልፈዋል። ሣቁ ግን መልስ አልነበረም።

በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላር 5 ብር ሆነ፤ በጥቅምት የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ወጣ። የገንዘብና የቃል ዋጋ በሁለት ወር ውስጥ አብረው መለወጣቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ለድሬዳዋ ሰው ግን ሁለቱም ቀድሞ በጎን የሚያውቃቸው ነገሮች ነበሩ። ቆየት ብሎ አሮጌው ባቡር አርጅቶ ቆመ፤ በፉርጎው ይተዳደር የነበረው ሰው ወደ መኪና መንገድ ዞረ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማ ፕላን የሚነሣ ክርክር ሁሉ ወንዙን ሳይጠቅስ አያልፍም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ድሬዳዋን ይነካል፤ ጣቢያው ግን እንደ ቀድሞው ከመሐል ከተማ ገበያ ደጃፍ አይደለም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። በጂቡቲ በኩል የመጣ ሸቀጥ ቀረጡ ሳይከፈል በሕግ ተከማችቶ የሚቆይበት ቦታ ነው። ታይዋን ያለ ፈቃድ ስታደርገው የኖረችውን አንዱን ክፍል መንግሥት በአጥርና በፈቃድ አደረገው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳያልፍ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ 38 ዓይነት ሸቀጦች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ታገዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እገዳው ተነሥቶ ብር በገበያ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንኮች ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በጎን ገበያው ዶላሩ ከ100 ብር ያለፈው ከውሳኔው ቀደም ብሎ ነው፤ ዕቃውንም የሚተምነው በዚያው ሂሳብ ነበር።